ምክንያትና ማመካኛ፦ ስለ ተቦረቦረ መንገድና ስለ አሽከርካሪው ሕሊና

መንገድ የአንድ ከተማ ነዋሪዎች በጋራ ከሚገለገሉባቸው ነገሮች ዋነኛው ነው። ባለጠጋውም ድሃውም፣ ሹሙም ተራውም ሰው በየቀኑ ይመላለሱበታል። ስለዚህ መንገድ ሲበላሽ የሚጎዳው ጎማና ባሌስትራ ብቻ ሳይሆን፣ በላዩ የሚተላለፉት ሰዎች እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነት ጭምር ነው። እዚህ ላይ መመርመር የሚገባው አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም የመንገዱ መበላሸት አሽከርካሪው በእግረኛው ላይ ለሚፈጽመው በደል ምክንያት ነው ወይስ ማመካኛ? የሚለው ነው።

ጉድጓድ በአንድ ጀንበር አይፈጠርም። በመጀመሪያ በአስፋልቱ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ትታያለች። ክረምት ሲገባ ውሃ በስንጥቋ ይሰርጋል፤ ከሥር ያለውን የጠጠርና የአፈር ድልድል ያላላል፤ በላዩ የሚያልፈው ጎማ ሁሉ ደቃቁን አፈር ከውሃው ጋር እየገፋ ያወጣዋል፤ በመጨረሻም ከሥሩ ባዶ የቀረው አስፋልት ይደረመሳል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሰርኪስ ቴርዚያን በተባለ አርመናዊ አማካይነት ወደ አዲስ አበባ የመጣው፣ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» ያለው በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ ያስተማረው ቁም ነገርም ይኸው ነበር፤ የመንገድ ጽናት ከላይ በሚታየው ሳይሆን ከሥር በተጠቀጠቀው ይለካል። የሰው ጠባይም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የኮሪደር ልማት በርካታ የአዲስ አበባ ዋና ዋና ጎዳናዎች ቢታደሱም፣ ጥያቄው በየሰፈሩ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ እንዳለ ነው። በሐምሌ ጧት በአንዱ የሚሆነውን መመልከት ይበቃል። የሚኒባሱ ነጂ መኪናው የራሱ አይደለም፤ ማታ ለባለቤቱ የሚያስረክበው የቀን ገቢ አለበት። ከፊቱ ጥልቀቱ የማይታወቅ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ተንጣሏል። በግራው የጭነት መኪና ይመጣል፤ በቀኙ ልጅ ያዘለች እናት ታክሲ ትጠብቃለች፤ ከኋላው ክላክስ ይጮኻል። ነጂው ፍጥነቱን ሳይቀንስ በጉድጓዱ ቀኝ ጠርዝ ያልፋል። ባሌስትራው ይድናል፤ የእናቲቱ ነጠላ ግን በጭቃ ይነከራል። እርሱም መስታወቱን ዘግቶ «ምን ላድርግ፣ መንገዱ ነው» ይላል።

ይህ አነጋገር ከእውነት የራቀ አይደለም። ሰው የሚኖርበት ሁኔታ ጠባዩን እንደሚቀርጸው የታወቀ ነው። ቀኑን ሙሉ ወገቡ ሲናጥ የዋለ፣ የልጆቹን እራት ለጎሚስታ ከፍሎ የሚገባ ሰው ትዕግሥቱ ቢያልቅ አያስደንቅም። ነገር ግን በዚያው ጉድጓድ አጠገብ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሌላ ነጂ ፍሬን ይዞ፣ የኋለኛውን ክላክስ ችሎ፣ እናቲቱን በእጁ ምልክት አሳልፎ ይሄዳል። መንገዱ ለሁለቱም አንድ ነው፤ ተግባራቸው ግን ይለያያል። እንግዲያው መንገዱ የመጀመሪያው ነጂ ለምን እንደተቸገረ ያስረዳል እንጂ ለምን እንደበደለ አያስረዳም። ምክንያትና ማመካኛ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

ሕጉም ቢሆን ወደዚህ ያዘነብላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተሽከርካሪ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኀላፊ ሲያደርግ፣ ተጎጂው ራሱ ካላጠፋ በቀር «እኔ ጥፋት የለብኝም» የሚለውን መከላከያ አይቀበለውም። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ካሣ እስከሚከፈልበት ጉዳት ድረስ ነው። ለተበላሸ ነጠላና ለተዋረደ ሰው ችሎት የሚቆምለት የለም፤ የዚያ ዳኛ ሕሊና ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ፍርዱ በነጂው ላይ ብቻ ቢያርፍ ግማሽ ፍትሕ ይሆናል። መልካም መሆን ለሁለተኛው ነጂ በነፃ አልመጣለትም፤ ጊዜውንና ገቢውን ከፍሎበታል። ለውሃ ቧንቧ ቆፍሮ በገረጋንቲ ሸፋፍኖ የሄደው፣ ለስልክ መስመር ቆፍሮ ክዳኑን ያልመለሰው፣ ሥራውን ሳያይ ተረክቤአለሁ ብሎ የፈረመው፣ ቆሻሻውን በፍሳሽ ቦይ የደፋው ነዋሪ፣ እያንዳንዳቸው ጥፋታቸው ትንሽ መስሎ ይታያቸዋል። ተደምሮ ሲታይ ግን መንገድ ከማበላሸት የከፋ ነገር ሠርተዋል፤ ደግነትን አስወድደዋል። ጨዋነት ውድ በሆነበት ከተማ ጨዋ ለመሆን አቅም የሚያጣው ደግሞ አስቀድሞ ድሃው ነው።

ከሁሉ የከፋው ልማድ መሆኑ ነው። ከጉድጓድ ማምለጥን የለመደ ዐይን ቀስ በቀስ በመንገድ ላይ ያለውን ሁሉ መሰናክል አድርጎ ማየት ይጀምራል፤ ድንጋዩም፣ አህያውም፣ አሮጊቷም በአንድ ረድፍ ይቆጠራሉ። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች የተባለችው አህያ ነገር የሚፈጸመው በዚህ ጊዜ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ክዳኑ በጠፋ ጉድጓድ ውስጥ የቅጠል ቅርንጫፍ ተተክሎ ይታያል። የተከለው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ጉድጓዱን አልቆፈረውም፤ ለመድፈንም አቅም የለውም። ምናልባት ትናንት ማታ የራሱ ጎማ ገብቶበት ይሆናል። ዳሩ ግን በእርሱ የደረሰው በማያውቀው ሰው ላይ እንዳይደርስ አስቦ፣ ከመኪናው ወርዶ ቅርንጫፍ ቆርጧል። ይህ ሰው የመንገዱን መበላሸት ለክፋት ማመካኛ ሳያደርግ፣ ለደግነት ምክንያት አድርጎታል። መንገድ መሥራት የሚመለከታቸው ሁሉ ሥራቸውን ሊጠየቁ ይገባል፤ ቅርንጫፍ አስፋልትን አይተካምና። አስፋልቱ እስኪደርስ ድረስ ግን ከተማይቱን ለመኖሪያ የምትመች የሚያደርጋት ቅርንጫፍ የሚተክል ሰው ነው።