ምሕረትና ምርመራ

ለታመመ ሰው ማዘን መልካም መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን ኀዘኔታ ብቻውን አያድንም። ሕመሙ ከምን እንደ መጣ፥ መድኃኒቱም ምን እንደሚጠቅምና ምን እንደሚጎዳ ካልተመረመረ፥ የሚራራው እጅ ሳያውቅ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ምርመራ የምሕረት ዐይን ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። ይሁን እንጂ ይኸው ዐይን ሰውየውን ትቶ በሽታውን ብቻ ያየ እንደ ሆነ፥ ምሕረት የነበረው ወደ በደል ይለወጣል። እንግዲህ የሁለቱ ድንበር ወዴት ነው?

ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቡልጋሪያ ሠፈር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሄደ መንገደኛ ዘነበ ወርቅ ሲደርስ፥ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ለብዙ ዘመን የታከሙበትን የአለርትን ሆስፒታል ያገኛል። በዚያው አጠገብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1970 የተመሠረተው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም አለ። ስሙ የተወሰደው፥ በዚሁ አቈጣጠር በ1873፥ በኖርዌይ አገር በበርገን ከተማ የሥጋ ደዌን ተሐዋሲ ካገኘው ሐኪም ነው። ደዌው የዘር እርግማን አለመሆኑን ያስረዳ፥ ለፈውሱም መንገድ የጠረገ ትልቅ ሥራ ነበር።

ነገር ግን ይኸው ሊቅ በ1879 አንዲትን ታማሚ ሴት ሳይነግራትና ሳያስፈቅዳት፥ ከሌላ በሽተኛ የተወሰደ ደዌ በስለት ጫፍ ዐይኗ ውስጥ አስገባ። ተሐዋሲው ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን ለማስረዳት አስቦ ነበር። በ1880 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ መሆኑን ፈርዶ ከሆስፒታሉ ሐኪምነት ሻረው፤ የአገሩ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነት ግን አልተወሰደበትም።

ለብዙ ሺህ ሕዝብ መዳን ሲባል የአንዲት ሴት ሥቃይ ምን ያህል ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ዳሩ ግን አንዱን ስለ ብዙዎች አሳልፎ መስጠት የቀያፋ ምክር ነው። ራሱን ስለ ሌሎች የሚሰጥ ሰው ይመሰገናል፤ ሌላውን ሰው የሚሰጥ ግን የራሱ ያልሆነውን መሥዋዕት ያቀርባል። ሐኪሙ ስለ ተሐዋሲው እውነቱን ይዞ ነበር፤ እውነትን መያዝ ግን በሰው ሥጋ ላይ ሥልጣን አይሰጥም።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። ያቺ ሴት ብትጠየቅ ኖሮ እንኳ፥ አልጋዋና እንጀራዋ በዚያው ቤት የሆነች ሴት እንቢ ለማለት ምን ያህል ድፍረት ይኖራታል? የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1964 በሄልሲንኪ ባወጣው ደንብ፥ በሽተኛው በመርማሪው እጅ ያለ ጥገኛ ሲሆን ይልቁንም እንዲጠነቀቁ ያዘዘው ስለዚህ ነው። ከፍርሃት የወጣ እሺታ ፈቃድ አይባልምና።

እንግዲያስ ምርምር ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። በዚያው በአለርት 594 አዲስ ታማሚዎች፥ መድኃኒት ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ እስከ ዐሥር ዓመት ድረስ እየተከታተሉ ተመርምረዋል። ከእነርሱ ከግማሽ የሚበልጡት ገና ደዌያቸው በታወቀበት ጊዜ የአካል ጉዳት ጀምሯቸው ነበር፤ ሌሎችም መድኃኒቱን መዋጥ ከጀመሩ በኋላ ነርቫቸው ተጎዳ። ይህ ደዌ ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም የሚሰርቅ ነውና፥ በሽተኛው እግሩን እሳት ሲፈጀው አያውቅም። ስለዚህ ምን ያምሃል ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ መዳፉንና ውስጥ እግሩን በየጊዜው እየነኩ ስሜቱን መለካት ያስፈልጋል። ጉዳቱ ከጀመረ ስድስት ወር ሳያልፍ የተደረሰበት እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ በመድኃኒት ይመለሳል። ይህን ያወቀ ሐኪም፥ በሽተኛው ራሱ ያልተሰማውን ሕመም ስለ እርሱ ይሰማለታል።

ካህናት ይህን ሥራ ከኦሪት ያውቁታል። የኦሪት ካህን ለምጽ አለበት የተባለውን ሰው አይቶ በችኰላ አይፈርድም ነበር፤ ሰባት ቀን ቈይቶ ዳግመኛ ያየዋል። ሰውየው ከለምጹ በዳነ ጊዜ ደግሞ ካህኑ ራሱ ከሰፈር ወደ ውጭ ወጥቶ ይመለከተዋል። ምርመራው ሰውየውን ወደ ወገኖቹ የሚመልስበት ደጅ ነበረ።

ድንበሩ እንግዲህ ይህ ነው። የምርመራው ፍሬ ለተመረመረው ወይም እርሱን ለመሰለው ሰው ሊመለስ ይገባል፤ እርሱም የሚደረግበትን ዐውቆ፥ እንቢ ቢል መድኃኒቱን ሳያጣ፥ በነጻ ፈቃዱ የሰጠው ሊሆን ይገባል። በሽተኛ ወደ ንስሐ አባቱ መጥቶ፥ ሐኪሞች ለጥናት ጠየቁኝ፥ ልግባን? ብሎ ምክር ሲፈልግ፥ አባት ሆይ፥ ግባ ወይም አትግባ ከማለት አስቀድሞ፥ እንቢ ብትል ምን ይቀርብሃል? ብሎ ይጠይቀው። የሚቀርበት ነገር ከሌለና እሺ ካለ፥ ስጦታው የእርሱ ነውና ይመረቅ።