ልጅን ከሠፈሩ አርቆ ስለ ማስተማር

አባቶቻችን ስለ ቅርብና ስለ ሩቅ ሁለት ምሳሌዎች ትተውልን አልፈዋል። አንደኛው «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» የሚል ነው፤ ሰው በደጁ ያለውን ነገር እንደሚንቅ ይገልጻል። ሁለተኛው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚል ሲሆን፣ በችግር ቀን የሚደርስልን በአጠገባችን ያለው መሆኑን ያስተምራል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሆኖም አንድ ወላጅ የትምህርት ዘመን ሊከፈት ሲል ልጁን ይዞ ለምዝገባ በተነሣ ጊዜ ሁለቱ ምሳሌዎች በልቡ ውስጥ ይሟገታሉ። በሠፈሩ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤት አልፎ ወደ ሌላ ሠፈር ይሂድን? ወይስ ካለበት ይቆይ?

ጉዳዩ የመጓጓዣና የሒሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለቤቱ በተውነው ነበር። ነገር ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት የሁሉ ሀብት ነው፤ አንዱ ልጅ በተቀመጠበት ወንበር ላይ ሌላው አይቀመጥበትም። ስለዚህ ጥያቄው ለራሳችን ልጅ የምናደርገው በጎ ነገር ለሌላው ሰው ልጅ ምን ያስከትላል የሚል የሥነ ምግባር ጥያቄ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነውም ከዚህ ወገን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ለትምህርት ሲሉ ከሠፈር መራቅ በአገራችን ነውር ሆኖ እንዳልኖረ ማስታወስ ይገባል። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከወላጆቹ አጥቢያ ሲወጣ የኖረው መምህር ፍለጋ ነው። ቅኔን ከዋሸራ ወይም ከጎንጅ፣ ድጓን ከቤተልሔም፣ አቋቋምን ከጎንደር ለመቅሰም የብዙ ቀን መንገድ ተጉዟል። በዘመናዊውም ትምህርት ቢሆን ነገሩ እንዲሁ ነበር። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በ1917፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1923፣ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ደግሞ በ1938 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ተከፍተዋል። ከጠላት ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው በጥቂት ከተሞች ብቻ ስለ ነበረ፣ በየጠቅላይ ግዛቱ ያሉ ልጆች ትምህርታቸውን ለመቀጠል ከወላጆቻቸው መለየት ግድ ሆኖባቸዋል። ያን ጊዜ «በሠፈርህ ብቻ ተማር» የሚል ሕግ ቢጸና ኖሮ አገሪቱ ብዙ መምህር፣ ብዙ መሐንዲስና ብዙ ሐኪም ባጣች ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያና በዛሬው መካከል አንድ ልዩነት አለ። የቆሎ ተማሪው የሄደው የሚፈልገው ትምህርት በአጥቢያው ስላልነበረ ነው። በሄደበትም ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፤ የማንንም ቦታ አይወስድም። የዛሬው የከተማ ልጅ ግን አንዱን ትምህርት ቤት አልፎ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ የሚሄድበትም ትምህርት ቤት የክፍሉና የወንበሩ ቁጥር የተወሰነ ነው። እንግዲህ የቀድሞውን ምሳሌ ብቻ ይዘን የዛሬውን ነገር መፍረድ አንችልም።

ነገሩ በተግባር ምን እንደሚመስል ለማየት በአዲስ አበባ ልደታን እንመልከት። ስሙን ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የወሰደው ይህ ክፍለ ከተማ በቆዳ ስፋት ከከተማዋ ትንንሾቹ አንዱ ነው። ነገር ግን የፍርድ ቤቱ መኖር፣ በሜክሲኮ አደባባይ ዙሪያ የተሰበሰቡት መሥሪያ ቤቶች፣ ለመርካቶ መቅረቡና በ2008 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሐዲድ በየማለዳው ከሌላ ሠፈር ብዙ ሕዝብ ያስገቡበታል። ከዚህም በላይ ከ2001 ዓ. ም. ወዲህ አሮጌው ሠፈር ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ ብዙ ቤተሰቦች ጀሞን ወደ መሰሉ በከተማዋ ዳርቻ ወዳሉ የጋራ መኖሪያ ሠፈሮች ተዛውረዋል። ቤቱ ሲፈርስ እድሩ ተበተነ፤ የሰንበቴው ማኅበር ተራራቀ፤ በዱቤ የሚሰጠው ባለ ሱቅም ወዴት እንደ ሄደ አልታወቀም። ለአንዳንዱ ልጅ ከቀድሞው ሠፈር የቀረለት ነገር ትምህርት ቤቱ ብቻ ሆነ።

እንግዲህ ከሠፈሩ ውጭ የሚማር ልጅ ስንል አንድ ዓይነት ልጅ ማለታችን አይደለም። አንዱ ቤቱ ፈርሶበት ወደ ዳርቻ የሄደ፣ መምህራኑንና ጓደኞቹን ግን ሊተው ያልቻለ ነው። ሌላዋ እናቷ በአብነት አካባቢ የምትነግድ ልጅ ናት፤ ጠዋት አብረው ይመጣሉ፣ ማታ አብረው ይመለሳሉ፤ በሠፈሯ ብትማር ከትምህርት በኋላ እስከ ምሽት የሚጠብቃት የለም። ሦስተኛው የተለየ ፍላጎት ያለው ነው፤ መስማት የተሳነው ልጅ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ መምህር ካለበት መሄድ አለበት፤ በአፋን ኦሮሞ መማር የሚሻም ክፍሉ ወደ ተከፈተበት ትምህርት ቤት ይሄዳል። አራተኛው የትምህርት ቤትን ዝና ሰምቶ፣ የፈተናውን ውጤትና የመምህራኑን ስም ተከትሎ የሚመጣ ነው። አራቱም በመዝጋቢው መዝገብ ላይ የሚይዙት አንዳንድ መስመር ነው፤ ምክንያታቸው ግን ፈጽሞ አንድ አይደለም።

በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአቅራቢያቸው ለሚኖሩ ልጆች ቅድሚያ መስጠት፣ ለዚህም የነዋሪነት መታወቂያ መጠየቅ የተለመደ ነው። የደንቡ መነሻ መልካም ነው፤ ሕፃን በእግሩ ሄዶ በእግሩ እንዲመለስ፣ ክፍሎችም ከመጠን በላይ እንዳይጨናነቁ ያስባል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ደንብ ትእዛዝ ብቻ ሳይሆን የተስፋ ቃልም ነው። መንግሥት ወላጁን «ልጅህን በአጠገብህ ባለው አስተምር» ሲለው፣ በአጠገቡ ያለው ሊማሩበት የሚገባ እንደሚሆን ዋስ መግባቱ ነው። በ1987 ዓ. ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 41 ዜጎች ሁሉ በመንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ማኅበራዊ አገልግሎቶች በእኩልነት የመጠቀም መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ተስፋው የተፈጸመ እንደ ሆነ የሠፈር ወሰን ሥርዓት ነው። ያልተፈጸመ እንደ ሆነ ግን ወሰኑ ሌላ ምርጫ በሌለው በድኻው ዙሪያ የቆመ አጥር ይሆናል።

ወሰን አጥር ሲሆን ምን እንደሚመስል ዓለም አይቶታል። በአሜሪካን አገር ቶፒካ በምትባል ከተማ ሊንዳ ብራውን የምትባል ጥቁር ሕፃን በቤቷ አጠገብ ነጮች ብቻ የሚማሩበት ትምህርት ቤት እያለ ራቅ ወዳለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት እንድትሄድ ተገድዳ ነበር። አባቷ ከሌሎች ወላጆች ጋር ከሰሱ፤ እ. ኤ. አ. በ1954 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጆችን በዘር ለይቶ ማስተማር ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይስማማ መሆኑን ፈረደ። በአንጻሩ እንግሊዝ እ. ኤ. አ. በ1988 ባወጣችው የትምህርት ሕግ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቦታ እስካላቸው ድረስ ወላጅ የመረጣቸውን ልጅ እንዲቀበሉ አዘዘች። ምርጫው ሰፋ፤ ነገር ግን ስመ ጥሩዎቹ ትምህርት ቤቶች በሞሉ ጊዜ ርቀት እንደገና መለኪያ ሆነና፣ ገንዘብ ያለው ሰው በትምህርት ቤቱ አጠገብ ቤት እየገዛ ገባ። ከሁለቱ የምንማረው ወሰንን ማጥበቅም ሆነ ማፍረስ ብቻውን ፍትሕን እንደማያመጣ ነው።

ምርጫው በልጁም ላይ ዋጋ እንደሚያስከፍል መርሳት አይገባም። ከዳርቻ ሠፈር ወደ መሀል ከተማ የሚመጣ ሕፃን ሌሊት በ11 ሰዓት ይነሣል፤ በታክሲ ሰልፍ ይቆማል፤ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዐይኑ ይከደናል። ማታ ሲመለስ የሠፈሩ ልጆች ጨዋታቸውን ጨርሰው ይደርሳል። በትምህርት ቤቱ መንገደኛ፣ በሠፈሩም እንግዳ ሆኖ ያድጋል። ወላጅ ዝናን ሲመዝን ይህንንም አብሮ መመዘን አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አንድ እድር አለ እንበል። ድንኳን መትከልና ሬሳ መሸከም የሚችሉት ጎበዞች፣ መናገር የሚያውቁትና ብር የሚያዋጡት ሁሉ አንድ በአንድ ወጥተው ሌላ ሠፈር ወዳለ የተሻለ እድር ገቡ። እያንዳንዳቸው መብታቸው ነው። ነገር ግን በቀረው እድር ሞት አልቀነሰም፤ የቀነሰው ተሸካሚው ነው። ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። ልጁን ይዞ ለመሄድ የሚችለው ወላጅ ብዙውን ጊዜ ጊዜ ያለው፣ ደንብ የሚያውቅና ደብዳቤ መጻፍ የሚችል ነው። በወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «የሒሳብ መምህር ከጠፋ ወር ሆነ፤ ለምን?» ብሎ ይጠይቅ የነበረው እርሱ ነው። እርሱ ሲሄድ ጠያቂው ይሄዳል፤ ጠያቂ የሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ ይባስ ይደክማል፤ ሲደክምም ተጨማሪ ወላጅ ይሸሻል።

«ታዲያ ትምህርት ቤቱ እስኪሻሻል ልጄ ይጠብቅን? ሕፃንነት ሁለት ጊዜ አይመጣም» የሚል ወላጅ ይኖራል። መልሱን እናከብራለን። ልጅ የአባቱ ዐደራ እንጂ የኅብረተ ሰብ ስሕተት መያዣ አይደለም። እ. ኤ. አ. በ1948 የታወጀው የሰብአዊ መብቶች መግለጫም በ26ኛው አንቀጹ ወላጆች የልጆቻቸውን የትምህርት ዓይነት ለመምረጥ የቀዳሚነት መብት እንዳላቸው ያውጃል። ስለዚህ ልጁን ወደ ተሻለ ትምህርት ቤት የወሰደውን ወላጅ በደለኛ አንለውም። ባለ ዕዳ ግን እንለዋለን። ዕዳውም ጎረቤቱ ለልጁ ያንኑ ሲሻ መንገዱን አለመዝጋት፣ ትቶት ለሄደውም ትምህርት ቤት ድምፁን አለመንፈግ ነው።

ከዚህ የሚወጡ ግዴታዎች አሉ። ለወላጅ የመጀመሪያው እውነት መናገር ነው። በማይኖሩበት ቤት ስም ተመዝግቦ መግባት በደንቡ ለሚጠብቀው የሠፈር ልጅ የተሰጠውን ቦታ በስውር መውሰድ ነው፤ ከዚያም በላይ ሕፃኑ ወደ ዕውቀት ቤት የገባበት የመጀመሪያው በር ሐሰት መሆኑን ያያል። ነገር ግን ወላጅ የሚዋሸው ብዙ ጊዜ እውነተኛው ምክንያቱ በደንቡ ውስጥ ቦታ ስላጣ ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ግዴታ ለእውነት በር መክፈት ነው። በመልሶ ማልማት ምክንያት የተዛወረ ልጅ የጀመረውን ደረጃ በዚያው እንዲጨርስ ይፈቀድለት፤ የወላጅ የሥራ ቦታ እንደ በቂ ምክንያት ይቈጠር፤ የቀረውም ቦታ በግልጽ በተለጠፈ ዝርዝርና በዕጣ ይታደል እንጂ በትውውቅ አይሰጥ። ከሁሉም በላይ ልምድ ያለው መምህር ደካማ ወደ ተባለው ትምህርት ቤት እንዲሄድና እዚያም እንዲጸና የሚያደርግ አበል ይታሰብለት። የቆሎ ተማሪ ምስጢር ይኸው አልነበረምን? ተማሪው የተከተለው መምህሩን እንጂ ሕንጻውን አልነበረም።

በመንግሥት ሥራ ላይ ለምንገኝ ሁሉ አንድ መመዘኛ ይበቃናል። የትምህርት ቤቶችን ዕቅድ ስንጽፍ፣ በጀት ስንደለድል፣ መምህር ስንመድብ፣ «በዚህ ትምህርት ቤት የራሳችንን ልጅ እናስመዘግባለንን?» ብለን እንጠይቅ። አናስመዘግብም ካልን፣ ለጎረቤታችን ልጅ በቂ ነው ለማለት የሚያስደፍረን ሥልጣን ከየት ተገኘ?

የቅርቡ ጠበል ልጥ መንከሪያ የሚሆነው ቅርብ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ጠባቂ ሲያጣ ነው። በየሠፈሩ ያለውን ትምህርት ቤት ጠባቂ ብንሰጠው፣ ሩቅ የሚሄድ ልጅ ያኔም አይጠፋም፤ የሚሄደው ግን የተለየ ዕውቀት ፈልጎ እንጂ የቅርቡን ሸሽቶ አይሆንም። በዚያው የሚቀረውም ልጅ መሄድ ስላልቻለ የቀረ አይባልም።