«መኪና ገጨው»

በቋንቋችን አንድ ሰው በጎዳና ላይ የተሽከርካሪ አደጋ ሲደርስበት «መኪና ገጨው» ይባላል። «ሾፌር ገጨው» ሲባል እምብዛም አይሰማም። ነጂው ራሱም ቃሉን ሲሰጥ «ፍሬን እምቢ አለኝ» ይላል እንጂ «ፍሬኑን ሳላስመረምር ወጣሁ» አይልም። ሰዋስዋችን ለብረቱ ፈቃድ ሰጥቶ፣ «እሺ» እና «እምቢ» የማለት ሥልጣን አጎናጽፎ፣ ሰውየውን ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያወጣዋል። መቼም ቋንቋ ከሚናገረው ሕዝብ ያነሰ ብልሃት የለውምና ይህን ያደረገው በከንቱ አይደለም። አደጋ ያደረሰ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ለሐዘንተኛውም ለነጂውም ያዝናል።

ሕጉ ግን በዚህ ሰዋስው አልተመራም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የማሽንን ወይም የባለሞተር ተሽከርካሪን ባለሀብት፣ የነዳው ሰው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ኀላፊ ያደርገዋል። ከዚህ ድንጋጌ ጥቂት ቀደም ብሎ የሚገኙት ስለ እንስሳትና ስለ ሕንጻዎች የሚናገሩ አንቀጾች ናቸው። አሰላለፉ የሚያስተምረው ነገር አለ። በሬ፣ ግድግዳና መኪና በአንድ ረድፍ የቆሙት ሦስቱም መጉዳት የሚችሉ፣ ሦስቱም ግን ዳኛ ፊት ቀርበው መልስ መስጠት የማይችሉ በመሆናቸው ነው። ነገሩ ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳይጠብቀው የቀረ ባለቤት፣ በሬው ሰው ሲገድል ራሱም ይጠየቃል።

በሬና መኪና የተኩት የሰውን ጉልበት ነበር። ኮምፒዩተር የሚተካው ሌላ ነገር ነው። ይቆጥራል፣ ያመሳክራል፣ ይመርጣል፣ ይፈቅዳል፣ ይከለክላል፤ ይኸውም እስከ ትናንት ድረስ የጸሐፊው፣ የገንዘብ ያዡ፣ የነጂው ፍርድ የነበረውን ሥራ ይሠራል። እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። ፍርድን ለማሽን ማዋስ እንደሚቻል በየዕለቱ እያየነው ነው፤ ተጠያቂነትንስ አብሮ ማዋስ ይቻላልን?

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የደረሰውን አብዛኛው አንባቢ ያስታውሰዋል። ለተወሰኑ ሰዓታት የባንኩ ሲስተም በሒሳባቸው ውስጥ ያልነበረ ገንዘብ ለደንበኞች ፈቀደ። ወሬው በእጅ ስልክ ከመኝታ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል ተላለፈ፤ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ባሉት የገንዘብ ማውጫ ማሽኖች ፊት በዚያ ሌሊት ሰልፍ ቆመ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር።

የዚያን ሌሊት ሰልፈኛ «ሌባ» ብሎ ማለፍ ለሰነፍ ሰባኪ የሚመች ነው። ከእነዚያ ወጣቶች ብዙዎቹ በሰው ኪስ እጃቸውን ከትተው የማያውቁ፣ ባለሱቅ በስሕተት መልስ ቢያበዛላቸው ተመልሰው የሚሰጡ ናቸው። ታዲያ ምን ተለወጠ? ባለሱቁ ፊት አለው። ማታ ሒሳቡን ሲዘጋ የሚጎድለው እርሱ መሆኑ ይታያል፤ ነገ በዚያው ደጃፍ ስናልፍ ዐይኑ ያገኘናል። ማሽኑ ግን ፊት የለውም፤ ያጣው ማን እንደሆነ አይታይም። በዚህ ላይ ማሽኑ ዕቃ የሚያስቀምጡበት ሣጥን አልነበረም፤ ለመጠየቅና ለመመለስ የተሠራ ነው። «ስንት ልስጥህ?» ይላል፤ ይነገረዋል፤ ይሰጣል። «ጠየቅሁት፣ ፈቀደልኝ» የሚለው ክርክር ተራ ማጭበርበሪያ ነው ብዬ አላምንም፤ እውነተኛ ግራ መጋባት አለበት። ይሁን እንጂ የፈቀደው ማን ነው ብለን ስንፈትሽ መልሱ «ማንም» ነው፤ ሰው ያልፈቀደው ፈቃድ ደግሞ ፈቃድ ሊባል አይችልም። ይህን ብዙዎቹ ራሳቸው የተረዱት ይመስላል፤ በገዛ እጃቸው የመለሱ ነበሩና።

የክርክሩ ሌላ ወገን ግን ብዙ አልተነካም። ባንኩ ጉዳዩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጿል፤ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍም በየቅርንጫፎቹ ለጥፏል። ስለዚህ በአንድ በኩል የወሰዱት ፊትና ስም አገኙ። የጥፋቱ መነሻ ግን በአብዛኛው ሰው አንደበት እስከ ዛሬ «ሲስተሙ» ነው። ተማሪው «ማሽኑ ነው የሰጠኝ» ቢል ይገሠጻል፤ ትልቅ ሰው «ሲስተሙ ነው ያበላሸው» ቢል ግን አስረድቷል ይባላል። ሁለቱ ዐረፍተ ነገሮች በሰዋስው አንድ ናቸው። የሚለያዩት በተናጋሪዎቹ ማዕርግ ብቻ ነው።

«ሲስተም የለም» የሚባለውን ሐረግ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ሥር የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። «የለም» የሚለው ግሥ ልብ ሊባል ይገባዋል። በድሮው ዘመን የሚቀረው ኀላፊው ነበር። «አለቃ የሉም» ይባላል፤ ባለጉዳዩም የት እንደሄዱ፣ መቼ እንደሚመለሱ፣ ማን እንደ ተወከለ ይጠይቃል፤ ሲመረውም ደጃቸው ሄዶ ይጠናል። ሲስተም ሲቀር ግን ደጅ የሚጠናበት ቤት የለውም። ከገጠር ሌሊት ተነሥተው፣ ለመጓጓዣ ከፍለው፣ የጡረታ አበላቸውን ሊቀበሉ የመጡ እናት ይህን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፍተው ይመለሳሉ፤ በዝናብ ላይ የሚቆጣ የለምና። ከመስታወቱ ኋላ የተቀመጠችው ልጅም ብትሆን የምትዋሽ አይደለችም። ማሽኑ ካልሠራ አንዲት ቅጽ በእጇ ሞልታ የመስጠት ሥልጣን የላትም። የእርሷም ፍርድ አብሮ ተወስዷል።

ይህ የኛ የኋላ ቀርነት ጣጣ ነው፣ መሣሪያው ሲሻሻል ይጠፋል የሚል አንባቢ ካለ የብሪታንያን ፖስታ ቤት ይመልከት። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየሰፈሩ ፖስታ ቤቶች የተተከለ «ሆራይዘን» የሚባል የሒሳብ ሲስተም በሌለ ገንዘብ ላይ ጉድለት ያሳይ ነበር። የኮምፒዩተሩ ቃል ታመነ፣ የሰዎቹ ቃል ተጣለ፤ እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከ900 የሚበልጡ ሰዎች ተፈረደባቸው፤ እስር ቤት የገቡ፣ ቤታቸውን ያጡ አሉ። ስልክ ደውለው እርዳታ ሲጠይቁ «ይህ ችግር የደረሰው በአንተ ብቻ ነው» እንደ ተባሉ ብዙዎቹ መስክረዋል። ከጉድለቱ ይልቅ ጨካኙ ይህ ቃል ነበር፤ ንጹሕን ሰው ከመሰሎቹ ነጥሎ ራሱን እንዲጠራጠር ያደርገዋልና። በ2019 እ.ኤ.አ. የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሲስተሙ ስሕተት እንደ ነበረበት ቢያረጋግጥም የአገሩ ሕዝብ በሙሉ ልቡ የተነሣው በ2024 መባቻ ታሪኩ በቴሌቪዥን ድራማ ከታየ በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ፓርላማው የብዙዎቹን ፍርድ በአንድ ሕግ ሰረዘ። በተውኔት ለምንደክም ሰዎች ይህ የሚያኮራም የሚያሳፍርም ነው፤ ድራማው እስኪሠራ ሃያ ዓመት አልፎ ነበርና።

ኮምፒዩተር፣ ኢንተርኔትና መኪና በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ደቂቃ የተገናኙበት ጉዳይ ግን የአሜሪካው ነው። መጋቢት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. ምሽት፣ በአሪዞና ግዛት በቴምፒ ከተማ፣ ኡበር የተባለው ኩባንያ የሚሞክረው በኮምፒዩተር የሚነዳ መኪና ብስክሌቷን እየገፋች መንገድ የምታቋርጥን አንዲት የ49 ዓመት ሴት ገጭቶ ገደለ። «መኪና ገጨው» የሚለው አባባላችን ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል በቃል እውነት ሆነ ማለት ይቻላል። የአገሩ የትራንስፖርት ደኅንነት መርማሪዎች እንዳረጋገጡት ኮምፒዩተሩ ሴትዮዋን ከመግጨቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አይቷታል። ማየት ግን ማወቅ አይደለም። አንድ ጊዜ ተሽከርካሪ፣ አንድ ጊዜ ሌላ ነገር፣ አንድ ጊዜ ብስክሌት እያለ ስሟን ሲቀያይር ጊዜው አለቀ፤ ከእግረኛ ማቋረጫ ውጪ ሰው ሊሻገር ይችላል የሚል ሐሳብ በውስጡ አልተቀመጠምና ሰው ብሎ ሳይጠራት ደረሰባት። በአዲስ አበባ ጎዳና የአንድ ሳምንት ልምድ ያለው ረዳት እንኳ የሚያውቀውን አላወቀም። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የአደጋ ጊዜ ፍሬን ደግሞ ኮምፒዩተሩ በሚነዳበት ጊዜ እንዳይሠራ ተደርጎ ነበር።

በመሪው ኋላ አንዲት ተቆጣጣሪ ተቀምጣለች። የእጅ ስልኳ የቴሌቪዥን ዝግጅት ያስተላልፍ ነበር፤ ዐይኗም ከመንገዱ ላይ ደጋግሞ ወርዷል። አጥፍታለች። ነገር ግን የተሰጣት ሥራ ምን እንደ ነበር እናስብ። ለሰዓታት ምንም ሳይሠሩ፣ በአብዛኛው ያለ ሰው እርዳታ የሚጓዝን መኪና እየተመለከቱ፣ ለምትመጣው አንዲት ሰከንድ ንቁ ሆኖ መጠበቅ ነው። የሰው አእምሮ ሥራ ሲሰጠው ይነቃል፤ ሥራ ሲነፈግ ይተኛል። ቀድሞ በአንድ መኪና ሁለት ተቆጣጣሪዎች ነበሩ፤ ኩባንያው አንድ አደረጋቸው። መርማሪዎቹ የኩባንያውን የላላ የደኅንነት አሠራርና የግዛቲቱን ቁጥጥር ማነስ ከምክንያቶቹ መካከል ጽፈዋል። ዐቃቤ ሕግ በ2019 እ.ኤ.አ. ኩባንያውን በወንጀል የሚያስጠይቅ መሠረት የለም አለ፤ ተቆጣጣሪዋ ግን ተከሰሰች፤ በ2023 ጥፋቷን አምና የሦስት ዓመት የአመክሮ ቅጣት ተቀበለች። በተውኔቱ ሁሉ አንድም ቃል ያልተሰጠው ተዋናይ ሕዝቡ ሲያፏጭ ብቻ ወደ መድረኩ ፊት እንዲወጣ እንደ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ አፈርሳታ ትዝ ይለኛል። በዚያ ሥርዓት ጥፋት ሲደርስ የአገሩ ሰው ባንድ ስፍራ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ከቤቱ ርቆ ይውላል፣ ያድራል፤ ካልተገኘም ዕዳውን በጋራ ይከፍላል። ጭካኔው ብዙ ነበር፤ ንጹሑ ከበደለኛው ጋር ይቀጣል፣ ቂመኛም በምስጢር ጠቁሞ ጎረቤቱን ያስበላል። ይመለስ የሚል የለም። ቢሆንም ከሥሩ አንድ ሐሳብ ነበረው፤ ባለቤት የሌለው ጥፋት አይፈቀድም ነበር። ሥራው በመቶ እጅ ሲከፋፈል ኀላፊነቱም በመቶ ይከፋፈላል እንጂ ተኖ አይጠፋም። ዛሬ በሰለጠነው ዓለም የምናየው ተቃራኒው ነው። መሐንዲሱ ክፍሌን ሠራሁ ይላል፤ ሥራ አስኪያጁ ባለሙያ አምኜ ነው ይላል፤ መንግሥት ዕድገትን ላለማደናቀፍ ነው ይላል፤ ድርሻው ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ የሚተርፈው መሪው አጠገብ የተገኘው ምንዝር ነው።

ማሽኑ ይቅር የሚል ሐሳብ ከዚህ ጽሑፍ አይወጣም። የጡረታ ገንዘብ በሰዓቱ ቢገባ፣ መኪናም ከደከመው ነጂ ይልቅ ቢጠነቀቅ ማን ይጠላል? ጉዳዩ ማሽኑ ሲገባ የሚወጣው ሰው ማን ነው የሚለው ነው፤ እርሱም በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየውሉ፣ በየመስኮቱ አንድ በአንድ ሊጠየቅ ይችላል። ለምሳሌ ያህል፣ «ሲስተም የለም» ተብሎ በመስታወት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ግማሹ ባዶ ነው። ከሥሩ የአንድ ኀላፊ ስም፣ የቢሮው ቁጥር፣ በዚያ ቀን በእጅ ተሞልቶ ሊሰጥ የሚችለው የወረቀት ዐይነት ሊጻፍበት ይችላል። የመጡትም እናት ማንበብ ባይችሉ ከሰልፉ አንዱ ያነብላቸዋል፤ ወደዚያ ቢሮ የሚወስደውንም ደረጃ ያሳያቸዋል።