በቁልቁለት ላይ የሚሠራ ሰው ለታችኛው ጎረቤቱ ስላለበት ዕዳ

በሜዳ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ቢሳሳት፣ ስሕተቱ ብዙውን ጊዜ በራሱ ግድግዳ ላይ ይቀራል። በቁልቁለት ላይ የሚሠራ ሰው ግን ሥራው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ የቈፈረው አፈርና ከጣራው ያወረደው ጎርፍ በግርጌው ካለው ጎረቤት ደጅ ይደርሳል። እንግዲህ ሰው በገዛ ግቢው የሚሠራው ሥራ የራሱ ጉዳይ ብቻ ነውን?

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ራስ እስከ አቃቂ ሜዳ ወደ ደቡብ የምታዘቀዝቅ ከተማ ናት። የልደታ ሰፈር በዚህ ቁልቁለት መካከል ስለሚገኝ በክረምት ከላይ የሚመጣውን ውኃ ይቀበላል፤ የራሱንም ጨምሮ ለታችኛው ሰፈር ያወርዳል። ስለዚህ አንዱ ሰፈር ለላይኛው ታች፣ ለታችኛው ደግሞ ላይ ነው።

ቁልቁለት በድንገት የሚናድ ይመስላል እንጂ ናዳው አስቀድሞ ይዘጋጃል። አንዱ ለቤቱ መሠረት ግርጌውን ይቈርጣል፤ ሌላው ከአናቱ አፈር ይደለድላል፤ ሦስተኛው ሥሩ መሬቱን የያዘውን ዛፍ ይነቅላል። ከዚህ በኋላ ዝናቡ ገብቶ አፈሩን ያከብደዋል፤ ኀይሉንም ያላላዋል። እያንዳንዱ ጥቂት ብቻ ስለ ሠራ፣ ጥፋቱን ሠራሁ የሚል አይገኝም። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የሚባለው የአዲስ አበባ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ያን ተራራ የሠራው አንድ ሰው አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ያህል ከከተማው ቤቶች ሁሉ የወጣ ጥራጊ ነበር።

ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ቍጥር 8፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዝዛል፤ ይኸውም ሰው ወድቆ ቢሞት የደም ዕዳ በቤቱ ላይ እንዳይሆን ነው። ሕጉ ባለቤቱ ክፉ አስቦ እንደ ሆነ አይመረምርም፤ አስቀድሞ ሊያየው ይችል በነበረው አደጋ ይጠይቀዋል። በ1804 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 640፣ የታችኛው ባለርስት በተፈጥሮ የሚወርደውን ውኃ ይቀበል ዘንድ ሲያዝዝ፣ የላይኛው ሸክሙን የሚያከብድ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል።

አንዳንድ ሰዎች ግን፣ በገደል አፋፍ የሰፈረው ድኻ ራሱ መርጦ ነውና ይቻለው ይላሉ። ሜዳው በገንዘብ ተይዞበት ከገደልና ከጎዳና አንዱን የወሰደ ሰው በፈቃዱ መረጠ ማለት አይቻልም። ሌሎች ደግሞ ፈጥኖ ይነሣ ይላሉ። ነገር ግን ከሥራው፣ ከዕድሩና ከጎረቤቱ ተነጥሎ ወደ ሩቅ ቦታ የተጣለ ሰው ከናዳ ቢድን በረኀብ ይያዛል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። እንዲህ ከሆነ ቦታ የሚመራውና የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ከሁሉ በላይ የቆመ ጎረቤት ነው፤ የዕዳውም ፊተኛ ባለቤት እርሱ ነው። መሬቱ የሚጸና ከሆነ ቦዩንና የድንጋይ ካቡን ማሠራት፣ የማይጸና ከሆነ ሰዎቹን ከነማኅበራቸው ለሥራቸው ቅርብ በሆነ ቦታ ማስፈር ይገባዋል።

ይህ ለማኅበር ሥራ የማይቻል አይደለም። የኮንሶ ሕዝብ ተራራውን በድንጋይ እርከን እየካበ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ጠብቆታል፤ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የላይኛው ሰው እርከኑን ቸል ቢል ውኃው የታችኛውን እርከን ስለሚያፈርስ፣ ካቡን መጠገን የሁሉ ግዴታ ነው።

በሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሮጡ ጎረቤቶች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ፤ የሞቱትም ከ200 በላይ ሆኑ። ከዚህ የሚበልጥ ፍቅር አይገኝም። ነገር ግን ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ እንዲህ ያለው ፍቅር በመቈፈሪያ ከመታየቱ በፊት በቦይና በካብ ሊታይ ይገባል። በቁልቁለት ላይ ቤት የሚያሠራ ሁሉ መሠረቱን ከማስቈፈሩ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ታች ይውረድ፤ በጎረቤቱ ደጅ ቆሞም የገዛ ቦታውን ቀና ብሎ ይመልከት።