ቍጣን ማብረድና በደልን መናዘዝ

በቅዱሳት መጻሕፍት የኬጢያውያን ስም ብዙ ጊዜ ይነሣል። አብርሃም የሣራን መቃብር በ400 ሰቅል ብር የገዛው ከኬጢያዊው ከኤፍሮን ነው፤ ዳዊት ያስገደለው ኦርዮም ኬጢያዊ ነበረ። በዚሁ ስም የሚጠራ ታላቅ መንግሥትም በዛሬዪቱ ቱርክ አገር ነበረ፤ ዋና ከተማውም ሐቱሳ ይባል ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1906 ዓ.ም. ጀምሮ ፍርስራሹ ሲቈፈር በሺህ የሚቈጠር የሸክላ ሰሌዳ ተገኘ፤ ቋንቋውንም በ1915 ዓ.ም. ሕሮዝኒ የተባለው የቼክ ሊቅ ፈታው። ከዚያ ሁለት ነገር መርጠን እናነጻጽራለን።

አንደኛው ተረት ነው። ቴሊፒኑ የተባለው የእርሻ አምላክ ተቈጥቶ፥ የቀኙን ጫማ በግራ እግሩ አድርጎ ጠፋ ይላል። እህል አልበቀለም፤ ላም ጥጃዋን፥ በግም ግልገሏን ገፋች፤ አማልክቱም በልተው አልጠገቡም። ንስር ፈልጎ አጣው፤ ንብ ግን ተኝቶ አግኝታ ነደፈችው፥ እርሱም አብዝቶ ተቈጣ። በመጨረሻ በአስማትና በመሥዋዕት በረደ። የሰሌዳው መጀመሪያ ስለ ተሰበረ የቍጣው ምክንያት አይታወቅም፤ በቀረው ክፍል ግን ሥርዐቱ ሁሉ ቍጣን ለማብረድ እንጂ በደልን ለማረም አይደለም።

ሁለተኛው ጸሎት ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት፥ በንጉሥ ሙርሲሊ ዘመን፥ ከአባቱ ጊዜ የጀመረ ቸነፈር 20 ዓመት ያህል ሕዝቡን ፈጀ። ንጉሡ የቀድሞውን ጽሕፈት ቢመረምር ሁለት ነገር አገኘ፤ ይኸውም ለማላ ወንዝ የሚቀርበው መሥዋዕት መቋረጡን፥ ደግሞም አባቱ ሱጲሉልዩማ ከግብጽ ጋር በመሐላ የጸናውን ውል ማፍረሱን ነው። እርሱ ራሱ እንዳልበደለ ቢናገርም የአባቱን በደል በግልጥ ተናዘዘ።

እንግዲህ ልጅ ያልሠራውን መናዘዝ ይገባዋልን? ነቢዩ ሕዝቅኤል እያንዳንዱ በገዛ ሥራው እንዲፈረድበት አስተምሯል፤ ዳንኤልና ነህምያ ግን ስለ አባቶቻቸው በደል ተናዘዋል። ይህ እርስ በርሱ አይጣላም። ፍርዱ የሠሪው ነው፤ ዳሩ ግን በግፍ የተገኘውን ርስት የሚበላ ልጅ፥ ግፉን ባይሠራም ፍሬውን ይዟል። በደሉን በደል ካላለው በዝምታው አጸናው።

ሙርሲሊ የለመነው ሊያድኑ የማይችሉትን አማልክት ነበር፤ ነገር ግን ለባዕድ የተማለ መሐላ እንኳ እንደሚያስጠይቅ ዐወቀ። እኛ እውነተኛውን አምላክ እያወቅን፥ አባታችን የገፋውን የጎረቤት ድንበር ሳንመልስ ጧፍና ዕጣን ብናቀርብ፥ ከቴሊፒኑ አባባዮች በምን እንለያለን? አስቀድሞ ድንበሩ ይመለስ፤ ከዚያም ዕጣኑ ይረግ።