ተረኛዋ አንቺ ነሽ

ልጄ፣ የቴሌግራም የጽሑፍ ግሩፑ ውስጥ ከገባሽ ዓመት ሞላሽ፤ አድሚኖቹም ስምሽን ከአበባና ከሻማ ጋር ለጥፈው «የአንድ ዓመት ቤተሰባችን» ብለውሻል። በዚያው ሳምንት ደግሞ የአጭር ልብ ወለድ ውድድር አውጥተዋል። አንቺም ሁለት ነገር ጠየቅሽኝ፤ ይህን ቀን ማክበር እንደ ልጅ አያስቆጥረኝም ወይ? ውድድሩስ ውስጥ ልግባ ወይስ ልተወው? መልሴ አጭር ነው። አክብሪ፤ ግቢም። ረጅሙ ነገር «እንዴት» የሚለው ነውና ትንሽ ታገሺኝ።

እንዲህ ያለውን ቀን የሚያናንቁ ሰዎች አሉ። «ምን ጻፈችና ነው ሻማ የሚበራላት?» ይላሉ። እኔ እንዲህ አልልም። መጻፍ ብቻን ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ቤተሰብ ማታ ስልክሽ ላይ አጎንብሰሽ ሲያይሽ ከማን ጋር እንደምታወሪ ይጠረጥራል እንጂ ምን እንደምትጽፊ አይገምትም። መጻፍሽን የሚያውቅና የገባሽበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ችግሩ ሌላ ነው። የአባልነትን ዓመት የሚቆጥረው ማሽን ነው፤ ማሽን ደግሞ ስትጽፊ የከረምሽበትን ጊዜና የሰው ጽሑፍ በጣትሽ እየገፋሽ ያለፍሽበትን ጊዜ አይለይም። ግሩፑን ከፍታ ሳታየው ዓመት ለሞላትም ያው ሻማ ይበራላታል።

እናትሽ የምትጠጣውን የማርያም ማኅበር ታውቂዋለሽ። እዚያ ብዙ ዓመት ስለቆየች ብቻ «እንኳን ደስ አለሽ» ያላት የለም። ተራዋ ሲደርስ ግን ጠላው ይጠመቃል፣ ዳቦው ይደፋል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፤ ማኅበርተኛው በሙሉ ቤቷ ይመጣል። አባል መሆኗ የሚታወቀው ባበላችበት ቀን ነው። የአንቺንም ዓመት እንደ ተራ ውሰጂው። የልብ ምልክትና ምስጋና የምትሰበስቢበት ሳይሆን የምታቀርቢበት ቀን ይሁን።

ምን ላቅርብ ትዪ ይሆናል። በመጀመሪያ ንባብ። ወደ ኋላ ሂጂና ማንም አንዲት ቃል ያልተነፈሰባቸውን ጽሑፎች ፈልጊ፤ አምስት ያህል አታጪም። ሌሊት የተለጠፉ፣ ወይም በሞቀ ክርክር መሀል ገብተው ተውጠው የቀሩ ናቸው። ከዳር እስከ ዳር አንብቢያቸው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ጸሐፊ የቱ ጋ ልብሽ እንደቆመ፣ የቱ ጋ መንገዱ እንደጠፋሽ ጻፊለት። «ውይ ሲያምር»፣ «አንደኛ ነህ»፣ ሦስት እሳትና አንድ ጭብጨባ ንባብ አይደለም፤ ሳያነቡም ይጻፋል። «እናትየዋ በሩን ለምን እንደዘጋችው አልገባኝም፤ ከዚያ በፊት ያለው ግን እንቅልፍ ነሳኝ» ያለ ሰው ግን አንብቧል። ጸሐፊው ያንን ሰው አይረሳውም። ግሩፕ የሚባለው ነገር ሰው የሚሆነው በእንዲህ ያሉ ጥቂት አንባቢዎች ነው፤ የቀረው የስም ዝርዝር ነው።

ከንባቡ ቀጥለሽ አንድ ያለቀ ጽሑፍ አቅርቢ። «ይህ ቤት ያሳደገኝ፣ እናንተ ባትኖሩ ኖሮ» እያለ የሚንዛዛ የምስጋና ደብዳቤ ይቅርብሽ፤ ያደግሽ መሆንሽን ጽሑፉ ይናገር። ያለቀ ስልሽም መጨረሻው ላይ ሦስት ነጥብ ተደርጎ «ይቀጥላል» የተባለውን ማለቴ አይደለም። የቴሌግራም ልብ ወለድ ሁሉ ይቀጥላል እየተባለ ክፍል 47 ላይ ጠፍቶ የሚቀርበት ዘመን ላይ ነን። አንድ ገጽም ቢሆን የተዘጋ ነገር ስጪ።

ዓመቱን በምን እንደምትለኪው ግራ ከገባሽ ቅኔ ቤትን ተመልከቺ። የቅኔ ተማሪ ስንት ዓመት እንደተቀመጠ ሳይሆን የት እንደደረሰ ነው የሚጠየቀው። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል፤ እንዲህ እያለ ዋዜማውንና ሥላሴውን ተሻግሮ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ቀን የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩ ያቃናለታል ወይም ይጥልበታል፤ ለነገ ሌላ አዲስ ይቆጥራል። ጉባኤ ቃና ላይ ዓመታት የተቀመጠ ሰው ዞሮ ዞሮ ባለ ጉባኤ ቃና ነው።

አንቺም የራስሽን ደረጃ አውጪ። የመጀመሪያው ያለቀ ታሪክሽ አንዱ ነው። የሰው አስተያየት ሰምተሽ ከሥሩ ያፈረስሽውና እንደገና የጻፍሽው ሌላው ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይኸኛው ነው። ዘመድም ጓደኛም ያልሆነ ሰው አንብቦሽ ጥያቄ የጠየቀሽ ቀንም ይቆጠራል። መቶኛ ፖስትሽ ግን አይቆጠርም፤ ለእሱ ኬክ አትቁረጪ።

አሁን ወደ ውድድሩ። ውድድር ለጸሐፊ ከሚሰጠው ነገር ሁሉ ትልቁ ቀነ ገደቡ ነው፤ ሽልማቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አንድ ታሪክ ልንገርሽ። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ፣ ክሪስ ባቲ የሚባል ሰው ከወዳጆቹ ጋር 21 ሆነው እያንዳንዳቸው በአንድ ወር ውስጥ ልብ ወለድ ሊጽፉ ተስማሙ። ነገሩ ኋላ ናኖራይሞ በሚል ስም ታወቀ፤ በየዓመቱም በፈረንጆቹ ኖቬምበር ይካሄድ ጀመር። 30 ቀን፣ 50,000 ቃል፤ በቀን 1,667 ገደማ ይደርሳል። ዳኛ አልነበረው፣ አንደኛና ሁለተኛ አልነበረው። የተባለውን ቃል የሞላ ሁሉ አሸናፊ ይባል ነበር። ጽሑፉን የሚመረምርለት አልነበረም፤ ቃሉ ይቆጠር፣ ምልክት ይሰጠው ነበር፣ በቃ። ለቀልድ የቀረበ ይመስላል። ነገር ግን 21 የነበሩት ሰዎች ከዓመታት በኋላ በመቶ ሺዎች ሆኑ። የኤሪን ሞርገንስተርን «ዘ ናይት ሰርከስ» እና የሳራ ግሩን «ዋተር ፎር ኤለፋንትስ» መነሻቸው በዚያ ወር የተጻፈ ረቂቅ ነው። ረቂቅ ማለቴን ልብ በይ፤ «ዘ ናይት ሰርከስ» በ2011 መጽሐፍ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ዓመታት ሲፈርስና ሲሠራ ቆይቷል። ቀነ ገደቡ ረቂቁን አስጨረሰ፤ መጽሐፍ ያደረገው ከዚያ በኋላ ያለው ልፋት ነው።

በነገራችን ላይ ይህን 50,000 የሚባል ቁጥር ወደ አማርኛ እንዳለ አትገልብጪው። እኛ አንዳንዴ በአንድ ቃል ዓረፍተ ነገር ስለምንጨርስ፣ ያን ያህል የአማርኛ ቃል ከእንግሊዝኛው በብዙ የሚወፍር መጽሐፍ ይወጣዋል። የውድድር አዘጋጅ የቃል ወሰን ሲሰጥም ከየትኛው ቋንቋ ልማድ እንደቀዳው ጠይቂ።

ናኖራይሞን ያካሂድ የነበረው ድርጅት በ2025 መዘጋቱን አስታወቀ። ገንዘብ አጥሮት ነበር፤ ከዚያ በፊትም ስለ ታዳጊዎች ደኅንነትና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከአባሎቹ ጋር ተቃቅሯል። ምልክት ሲሰበስቡ ለኖሩት ምልክቱን የሚያሳዩበት ቤት ቀረባቸው፤ ረቂቃቸውን በየኮምፒውተራቸው ያስቀመጡት ግን ያላቸው አላቸው። የቴሌግራም ግሩፕ ከዚያም ይልቅ በቀላሉ ይጠፋል። አድሚኑ ተቀይሞ ይዘጋዋል፣ ስልክ ይሰረቃል፣ አካውንት ይጠለፋል። ስለዚህ ምንም ነገር ግሩፑ ውስጥ ብቻ አይኑር። ከመለጠፍሽ በፊት ለራስሽ በኢሜይል ላኪው፤ ቀኑም አብሮ ይመዘገብልሻል።

ግሩፕሽ ያወጣው ውድድር አሸናፊውን በልብ ብዛት የሚለይ ከሆነ አንድ ጊዜ ለጨዋታ ግቢና ተይው። እንዲህ ያለው ውድድር የሚለካው የአጎትና የአክስት ልጆችን ብዛት ነው። ለቢሮ ባልደረባ፣ ለሰፈር ልጅ፣ ስምሽን እንኳ በቅጡ ለማያውቅ ሰው «ገብታችሁ ልቧን ንኩልኝ» እያልሽ ሊንክ ስትበትኚ አንድ ሳምንት ያልፋል፤ ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች ጽሑፉን የከፈተው ጥቂቱ ነው። ለመቶ ብር የስልክ ካርድ ሽልማት ደግሞ ይህ ሁሉ ልመና ያሳፍራል። የምትፈልጊው የማያውቅሽ ሰው፣ ስምሽ ሳይጻፍበት፣ ከሌሎች ጋር ደባልቆ የሚያነብበትን ውድድር ነው። አድሚኖቹን ጠይቂያቸው፤ ዳኞቹ እነማን ናቸው? ስም ተሸፍኖ ነው የሚደርሳቸው? አስተያየት ይሰጣሉ? ሁለት መስመር አስተያየት የሚሰጥ ውድድር ያለ አስተያየት ብዙ ብር ከሚሰጠው ይበልጥብኛል።

ደንቡን አንብቢ። ወጣቶች የውድድር ደንብ የማያነቡት ለምን እንደሆነ አይገባኝም፤ የሊዝ ውል አይደለም፣ ቢበዛ ሁለት ገጽ ነው። ለምሳሌ የኮመንዌልዝ የአጭር ልብ ወለድ ሽልማት መግቢያው በነጻ ነው፤ ነገር ግን ለአባል አገሮች ዜጎች ብቻ ስለሆነ፣ ኢትዮጵያም አባል ስላልሆነች፣ ለአንቺ አይሆንም። የካናዳ ዜግነት ላላት ለአክስትሽ ልጅ ግን በሩ ክፍት ነው። ኮመንዌልዙ ያልታተመ ታሪክ ይፈልጋል። የአፍሪካ ጸሐፊዎች የሚወዳደሩበት የኬን ሽልማት በተቃራኒው የታተመውን ብቻ ይቀበላል፤ የሚልከውም አሳታሚው ነው፣ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወይም ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ መሆን አለበት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ለሁሉም ክፍት በሆነ ቻናል የለጠፍሽውን ጽሑፍ ብዙ አዘጋጆች እንደታተመ ይቆጥሩታል። ለውድድር ያሰብሽውን ታሪክ ልብ ለመሰብሰብ ቀድመሽ አትለጥፊው።

መብትንም እዪ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጽሑፍሽ ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ያንቺ ነው፤ ማስመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ ገንዘብ የሚያስገኘው መብትም በሕይወት ዘመንሽና ካለፍሽ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አዘጋጁ «የተላከ ሁሉ ንብረታችን ይሆናል» የሚል ዓረፍተ ነገር ካስገባ አትላኪ። የአሸናፊዎቹን ታሪክ አንድ ጊዜ በመድበል ማተም እንዲችሉ መፍቀድ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ተገቢ ነው። ጥቂት የመግቢያ ክፍያ የሚጠይቁ ጨዋ ውድድሮች ውጭ አገር አሉ። «ለግማሽ ፍጻሜ አልፈሻል» ብሎ አሞጋግሶ ሲያበቃ ታሪክሽ የሚወጣበትን መድበል ግዢ የሚልሽ ግን ነጋዴ ነው፤ ግማሽ ፍጻሜ ያልደረሰ ሰው እሱ ዘንድ የለም።

ስትሸነፊስ? ትሸነፊያለሽ፤ ብዙ ጊዜ። አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ አሜሪካ የሄደችው መሮን ሀደሮ በ2019 የኬን ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብታ ሽልማቱ ለሌላ ተሰጠ። በ2021 በሌላ ታሪክ፣ አዲስ አበባን መድረኩ ባደረገው «ዘ ስትሪት ስዊፕ»፣ ተመልሳ 10,000 ፓውንዱን ወሰደች። ሁለተኛው ጊዜ የመጣችው በሌላ ታሪክ መሆኑን እዪልኝ። ውጤት በተነገረበት ቀን ከስልክሽ ራቂ። ውጤቱ ሥር «ዳኞቹ ግልጽ ያድርጉልን» ብሎ መጻፍ የሚያምራት እጅ በዚያ ቀን ልብስ ትጠብ። በማግሥቱ የአሸናፊዋን ታሪክ አንብቢና የወደድሽውን ነገር ለይተሽ ንገሪያት፤ ካልወደድሽው «እንኳን ደስ አለሽ» ይበቃል። ከዚያ የራስሽን አንሺ። ካሸነፍሽም አንድ ስክሪንሾት ይበቃል፤ ስምሽ ሥር «ተሸላሚ ደራሲ» ብለሽ አትጻፊ፣ ካርዱ ሳያልቅ ይሰለቻል።

አንድ ቀን አድሚኖቹ ራስሽን ዳኛ ሁኚ ይሉሻል። እሺ በይ። ክፍያ የለውም፣ ጠላትም ያተርፋል፤ ግን ሠላሳ ታሪክ በአንድ ሌሊት ስታነቢ ግማሹ በዝናብ ወይም በማንቂያ ደወል እንደሚጀምር፣ ገጸ ባሕርይ ሁሉ መስታወት ፊት ቆሞ መልኩን እንደሚናገር፣ አሟሟቱ ሁሉ በመኪና አደጋ እንደሆነ ታያለሽ። ያኔ የራስሽን ረቂቅ ክፈቺና የመጀመሪያውን አንቀጽ እዪው።