የሌለ ወፍ ለመፍጠር ምን ያህል ነፃ ነን?

ካለፈው ሴሚስተር መጨረሻ ጀምሮ በመካከላችን ያልበረደ ክርክር አለ። ነገሩን ያስነሳው አንድ ጓደኛችን ለዚህ መጽሔት ብሎ ያመጣት አጭር ልቦለድ ናት። በልቦለዷ ውስጥ ከሌላ ዓለም የመጣ ክንፋም አውሬ መርካቶ ላይ ይወርዳል። ከድምፅ ይፈጥናል፤ በሱቆች መካከል እየተምዘገዘገ ሰው በእጁ የያዘውን ሁሉ ይነጥቃል። ለምን ይነጥቃል? ክፉ ስለሆነ። አለቀ። ግማሾቻችን «ግሩም!» አልን፤ የቀረነው ደግሞ «ኧረ ይኼ ውሸት ነው» አልን። እሱም «ልቦለድ ሁሉ ውሸት አይደል እንዴ? ለሌለ ፍጡር ሕግ አውጪ ያደረጋችሁ ማነው?» ብሎ አፋጠጠን።

ጥያቄው ቀላል መስሎን ነበር። እስቲ ከአውሬው እንጀምር። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። አውሬው ከፊቱ ግድግዳ አይቶ ለመታጠፍ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ብቻ ቢፈጅበት እንኳ፣ ክንፉን ከማዘንበሉ በፊት 34 ሜትር ሄዷል። መርካቶን የሚያውቅ ይፍረድ፤ ሁለት ተሸካሚዎች በማይተላለፉበት ጉራንጉር ውስጥ 34 ሜትር ማለት ሦስት ሱቅ አፍርሶ አራተኛው ውስጥ መግባት ነው። ከ1976 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. መንገደኛ ያመላልስ የነበረው ኮንኮርድ፣ ከድምፅ በእጥፍ ሲፈጥን አፍንጫው ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግል ነበር። ላባ የለበሰ ሥጋ ምን እንደሚሆን አንባቢ ያስበው። የምግቡ ጉዳይማ የባሰ ነው። የአየርን ግፊት ለማሸነፍ የሚጠይቀው ኃይል፣ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ፔሪግሪን የሚሉት አዳኝ ወፍ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚደርሰው ቁልቁል ሲወረወር፣ ስበት እያገዘው ነው። በአግድም በረራ ግን፣ በጋውን አውሮፓ አሳልፋ ወደ አፍሪካ ለምትመጣው ማጭድ መሳይ ክንፍ ላላት ትንሽ ወፍ የተለካላት 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

«በሌላ ዓለም ቢሆንስ?» ይለናል ጓደኛችን። ይሁን። የሳተርን ጨረቃ በሆነችው ቲታን ላይ አየሩ ከእኛ አየር አራት እጥፍ ያህል ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ስበቷ ደግሞ የምድርን ሰባተኛ ያህል ነው። እዚያ ለመብረር ብዙ ጉልበት አያሻም። ግን ወፍራም አየር እንደ አጥሚት ነው፤ ይሸከማል፣ ያዘገያልም። ማርስ ላይ ግልባጩ ነው። አየሩ ከምድር አየር መቶኛ እጅ ያህል ቢሆን ነው፤ የሚከለክል የለም፣ የሚሸከምም የለም። በ2021 እ.ኤ.አ. እዚያ የበረረችው ኢንጀኒዩቲ የተባለች ሄሊኮፕተር ሁለት ኪሎ እንኳ ሳትሞላ ክንፎቿን በደቂቃ 2,400 ጊዜ ያህል ማሽከርከር ነበረባት። (የአዲስ አበባም አየር ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነውና፣ የመርካቶ ጭልፊት ከምጽዋ ዘመዱ ጥቂት ፈጠን ማለት ግድ ይለዋል።)

ካንት በ1781 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታላቅ ሥራው መግቢያ ላይ አንዲት ርግብ አለች። አየሩ ሲገፋት እየተሰማት፣ አየር በሌለበት ባዶ ብበር እንዴት በቀለለኝ ብላ የምታስብ። ካንት ያነሳት ፕላቶን ለመንካት ነበር፤ እኛ ግን ጓደኛችንን አየንባት። እርግጥ ተረት ይህን አይጠይቅም። በተረት ጅብ ሲናገር ጉሮሮው እንዴት ተሠራ የሚል የለም። የሳይንስ ልቦለድ ጸሐፊ ግን «ይህ ሊሆን ይችላል» ብሎ ቃል ይገባልናል፤ ቃሉን የምንይዝበትም በዚህ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ተያይዘን መርካቶ ወረድን። ምናለሽ ተራ ቆመን ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ፣ አሮጌ ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ሲሆን አየን። ሠሪው የፈለገውን አይሠራም፤ ቢላዋውን ከማሳረፉ በፊት ጎማውን አገላብጦ ያያል። ይህን እየተጨዋወትን ስንመለስ፣ ከአንድ ሥጋ ቤት በር ላይ ትንሽ ልጅ ቁራጭ ሥጋ በላስቲክ ይዞ ወጣ። ጭልፊት ከጣሪያ ላይ ወረደና ከእጁ ላፍ አደረገው። ሰው ሳቀ። አንድ ጎልማሳ ወደ ሰማይ እያየ «አንተ ሌባ!» አለ።

ጓደኛችን ዝም ብሎ ቆየና «የኔው አውሬ ምን እንደሚበላ አላሰብኩም ነበር» አለ።

ለእኛ ነገሩ ከፊዚክስ ወጥቶ ወደ ኅሊና የገባው ያን ጊዜ ነው። ክፋት ክንፍ አያራግብም፤ ፍጥነት ከረሃብ ይመጣል። ለፍጡር ሆድ ሳይሰጡ ክፋት ብቻ መስጠት የስሌት ስህተት ብቻ ነው ወይስ ሐሜትም ነው? እውነቱን ለመናገር፣ ያን ዕለት ጠዋት ከአውቶቡስ ስንወርድ ሁላችንም ኪሳችንን ጨብጠን ነበር። አጠገባችን ያለፉትን ልጆች ሁሉ «ዱርዬ» ብለናቸዋል፤ ቁርስ መብላታቸውን ግን የጠየቀ አልነበረም። ለሌላ ዓለም አውሬ የምናወጣውን ሕግ ለአዲስ ከተማ ልጅ ነፍገን ነበር።

ከመካከላችን አንዷ ግን «የልጁስ ሥጋ?» አለች። ልክ ናት። የጭልፊቱን ረሃብ ማወቃችን ሥጋውን አልመለሰም። ጉዳት ደግሞ ክፉ አድራጊ ባይኖረውም ጉዳት ነው። በመስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ርግቦች ሞተሮቹ ውስጥ ገብተውበት ወድቆ፣ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ርግቦቹ ማንንም አላሳደዱም። ፈጣኑም አውሮፕላኑ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር «ክፉ» የሚለው ቃል ጨርሶ አይደርስበትም፤ ሐዘኑ ግን በዚያ ምክንያት አያንስም። እዚህ ላይ አልተስማማንም፤ እስካሁንም እንከራከራለን።

ጓደኛችን ጽሑፉን መልሶ ወስዷል። የአውሬውን ፍጥነት በሰዓት ወደ 120 ኪሎ ሜትር አውርዶታል፤ ጉራንጉር ውስጥ መግባቱን ትቶ ከጣሪያ በላይ እንዲዞር አድርጎታል። ምን እንደሚበላ ግን ገና አልወሰነም። ለዚህ ቁጥር ስላልደረሰለት፣ ይህን የጻፍነው ለእሱ በተያዘው ገጽ ላይ ነው።